ለገጣፎ ላሉት አባባ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ምስጋና ስላለ ነው። የማመሰግናቸው ሰው የጎልፍ ዱላዎቼን የጠገኑልኝ ብረት ሠራተኛ ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሁፍ አያነቡበትም። የልጅ ልጃቸው ታነብላቸው ይሆናል። ባታነብላቸውም እናንተ አንብቡትና ሂዱላቸው።

ጎልፍ እጫወታለሁ። እንጀራዬ ሂሳብ ሥራ ነው፤ ጎልፉ ለፍቅሩ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሀብታም ጨዋታ ነው ይለኛል። እኔ ግን የመጣሁት በሌላ በር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በልጅነቱ ካዲ ነበር። የተጫዋች ቦርሳ ተሸክሞ፣ ሣር ውስጥ የገባ ኳስ ፈልጎ፣ በሚሰጡት ሳንቲም ነው ደብተርና እርሳስ የገዛው። አንድ ቀን ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ አንዲት ፓተር ሰጠው። ፓተር ማለት ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ በቀስታ የምትገፋበት ዱላ ናት። አባቴ ያቺን ዱላ እስከ ዕለተ ሞቱ አልጋው ሥር አኑሯት ነበር። ለኔ የደረሰችኝ ውርስ እሷ ናት። ሌሎቹን አንድ በአንድ፣ ያገለገለ ያገለገለውን እየገዛሁ ነው ያጠራቀምኳቸው። ሕጉ ቢበዛ 14 ዱላ ይፈቅዳል። እኔ ያሉኝ 11 ናቸው።

አሁን ጳጉሜ ላይ ነን። ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሲጠነክር ውድድር ይጀመራል። በአዲሱ ዓመት አራት ውድድር ላይ ለመመዝገብ ቆርጫለሁ። ሃንዲካፔ፣ ማለትም የተጫዋች ብቃት የሚለካበት ቁጥር፣ 27 ነው፤ ሲያንስ ነው የሚሻለውና ከ22 በታች ላወርደው እፈልጋለሁ። ሃንዲካፕ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች ምርጦቹ 8ቱ ተይዘው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ቀንቶኝ ብቻ የሚወርድ ነገር አይደለም። ደጋግሞ ጥሩ መጫወት ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሞላልኝ ደግሞ ናይሮቢ ሄጄ አንድ ውድድር ላይ መሳተፍ ሕልሜ ነው። እኛ ጋ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ያው ምት እዚያ ያጥራል። እንግዲህ እያንዳንዷ ዱላ እዚህ የት እንደምታደርስ፣ እዚያ ስንት እንደምትቀንስ ከወዲሁ ማወቅ አለብኝ። ዱላዋ ራሷ የማትታመን ከሆነ ግን ምኑን ልለካ?

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የአራቱ ዱላዎቼ ጭንቅላት ላልቶ ይንቀሳቀስ ጀመር። የሦስቱ እጀታ ደግሞ አርጅቶ ላብ ሲነካው ያንሸራትት ነበር። መሀል ከተማ አንድ ቦታ ወሰድኳቸው። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው እንጀራ ላይ መቆም አልወድም። «ችግር የለም፣ በሳምንት ይደርሳል» አሉኝ። 2,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ሦስት ወር ሆነ። ስደውል «ነገ ነይ»፣ ስሄድ «ባለሙያው የለም»። በመጨረሻ ሲሰጡኝ ሁሉም ተወልውለው ያብረቀርቁ ነበር። ደስ ብሎኝ ሜዳ ይዣቸው ወጣሁ። በሦስተኛው ምት የዱላው ጭንቅላት ተነቅሎ በረረ። ኳስ ከሚለቅም ልጅ ጆሮ በስንዝር ርቀት ነው ያለፈው። ልጁ ሳቀ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝና ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ የብረት ቁራጭ ትንሽ ዞር ብትል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ተመልሼ ስነግራቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አመታትሽ ነው።» በቃ። ይቅርታ የለ፣ ገንዘብ የለ።

ሁለተኛው ሰው በየደው። አዎ፣ በእሳት በየደው! ያቺ ዱላ ቀዝቅዛ ስትወጣ አንገቷ ዞሯል። ሦስተኛው እጀታውን እቀይራለሁ ብሎ የሞተር ሳይክል እጀታ አለበሰልኝ። ለጣት ቦታ ያለው፣ ሞገድ ሞገድ የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር እጅ ላይ ይመቻል። ግን አንድ ነባር ተጫዋች አየውና «በዚህ ውድድር አትገቢም» አለኝ። ለካ እጀታ ለጣት ተብሎ የተቀረጸ ከሆነ ሕጉ አይፈቅድም። ሠራተኛው ይሄን አያውቅም፣ አልፈርድበትም። ግን ጠይቆኝ ቢሆን? ምን ልታደርጊበት ነው ብሎ ማንም አልጠየቀኝም። ከሦስቱም የቆረጠኝ ያ ነው። ተደምሮ 7,500 ብር ወጣ፤ ያወጣሁት ደግሞ ዱላዎቼን ለማበላሸት ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ያስመዘገብኩት ውጤት በእነዚያ ዱላዎች ነው። ቦርሳውን ቁምሳጥን ላይ ሰቅዬ ዘንድሮ ይቅርብኝ ብዬ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለእህቴ በስልክ ይሄንኑ ሳማርር ሾፌሩ ሰማኝ። ወጣት ልጅ ነው። «እትዬ፣ አባባ ጋ ለምን አይወስዱትም? የኔን ባጃጅ እንኳ ሦስት ጋራዥ ያቃታትን እሳቸው ናቸው ያስነሷት» አለኝ። እኔ ከአያት አለፍ ብሎ ለገጣፎ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው። አባባ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ቤት ናት። በር ላይ ማረሻ ተደርድሯል፣ የእጅ ጋሪ ተገልብጧል፣ የልጆች ብስክሌት ተሰቅሏል። ዝናብ እያካፋ ነው። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ፂማቸው የነጣ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ይሞርዳሉ። ቦርሳውን ሲያዩ እንደሌሎቹ ይስቁብኛል ብዬ ተሸማቅቄ ነበር።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የጎልፍ ዱላ ነው አባባ።»

አንዷን መዘዙ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነው የያዟት፣ ይቺን አትርሱብኝ። አንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኗን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ይሄማ የገና ዱላ ነው!»

በልጅነታቸው ሰፈራቸው ውስጥ የገና ዱላ የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። ጫፉ ራሱ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልገው፣ ልጠው፣ በእሳት አቃንተው ለእኩዮቻቸው ይሰጡ ነበር። ለረጅሙ ልጅ ረጅም፣ ለአጭሩ አጭር። «ዱላ በልኩ ካልሆነ ሩሯን ትስታለህ፣ ወገብህም ይጎዳል» አሉኝ። ስድስት ዓመት ስጫወት ስለ ዱላ እንዲህ በአጭሩ የነገረኝ ሰው የለም።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «እስኪ ስትመቺ ልይ።» ጭቃው ላይ ቆሜ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ሰነዘርኩ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩ። እጄን አላዩም፣ እግሬን አላዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ሁሉንም ዱላ አንድ በአንድ አሰነዘሩኝ። ደህና ናቸው ብዬ ያልጠረጠርኳትን አንዷን ለይተው አስቀመጡ። «ይቺ ውስጧ ያንኳኳል። እስካሁን ሰው አለመምታቷ የእግዜር ሥራ ነው። ሳልጠግናት አልሰጥሽም።» ጆሮዬን አስጠግቼ ነቀነቅኳት። እውነትም ቅጭልጭል ትላለች። ዓመት ሙሉ በእጄ ይዣት አልሰማሁትም።

እንዴት እንደጠገኑ አትጠይቁኝ። አሮጌውን ሙጫ በሙቀት አለዝበው ሲያወጡ አይቻለሁ። ስለ አዲሱ ሙጫ ብዙ አስረዱኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። «ሁለት ቀን ሳይነካ ይደር» ማለታቸውን ብቻ ነው የያዝኩት። የእጀታውን ሕግ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። «ክብ ይሁን፣ ጉብታ አይኑረው ነው የምትይኝ» አሉና የሞተሩን እጀታ ገፈው ስስ ቆዳ ልስልስ አድርገው ጠመጠሙበት። ያ ነባር ተጫዋች አይቶት «ይሄ ምንም አይወጣለትም» ብሎኛል። ያቺ የተበየደችውን ግን አገላብጠው አዩና «ይቺ ሞታለች። ብርሽን አታባክኚ» አሉኝ። ሌላው ይሞክራታል፣ ያስከፍላል፣ ያዘገያል። እሳቸው በአንድ ቃል ገላገሉኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

የአባቴን ፓተር ለጥገና አልነበረም ያመጣኋት። ቦርሳው ውስጥ ስላለች ብቻ ነው። አባባ አውጥተው እጀታዋን ለረጅም ጊዜ አዩት። የድሮ ቆዳ ነው፣ ጠቁሯል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ጎድጎድ ብሏል። አውራ ጣታቸውን እዚያ ጎድጓዳ ላይ አሳረፉ። ቀጥሎ የኔን እጅ አዩ።

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም። የማን ነው?»

መናገር አቃተኝ። እኔ በዚያች ፓተር ስጫወት አውራ ጣቴ ሁልጊዜ ያ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ግን ይሰፋኛል። ምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ለካ የአባቴ ጣት ነው። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የጣቱ ቦታ ግን እዚያው አለ።

«የአባቴ ነው» አልኳቸው እንደምንም። ዱካቸውን ለቀውልኝ ተነሱ። ምንም አላሉኝም። ቡና የምታፈላውን ጎረቤት ጠርተው አንድ ስኒ አስመጡልኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ሳለቅስ እሳቸው ቀስ እያሉ ይሞርዳሉ። ስጨርስ ፓተሯን አምጥተው «ይሄን ቆዳ እኔ አልነካውም። አንቺም ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ። ጫፉ እንዳይተረተር ብቻ በክር አስሬልሻለሁ» አሉኝ። ክሩን አየሁት። ቀጭን፣ ጥቁር፣ እጥፍጥፍ ተደርጎ የተጠመጠመ። ቋጠሮው የት እንደገባ እስካሁን አላገኘሁትም።

ሌሎቹ ጋ ብትሄድ ኖሮ ያ ቆዳ ተገፎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ነበር። ይሄን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ለሁሉም የጠየቁኝ 1,400 ብር ነው። ጨምሬ ስሰጥ መለሱልኝ። እንዲያውም ከዚያው ላይ የድራይቨሯን፣ ኳስ አርቄ የምመታባትን ረጅሟን ዱላ፣ 300 ብር አንስተው በእጄ አስያዙኝ። «ይቺን ገና አላመንኳትም። ሁለት መቶ ኳስ ምቺባት። ካልላላች ያኔ ትከፍይኛለሽ።» አስቡት፣ አንዱ ሳይሠራ ቀብድ ሲቀበለኝ እሳቸው ሠርተው ብር ይመልሳሉ።

ወገኖች፣ እባካችሁ ሂዱላቸው። ጎልፍ ተጫዋቾችን ብቻ አይደለም የምለው። ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ምድጃ፣ የወንበር እግር፣ የእናታችሁ ከዘራ፣ «ይሄ አይሠራም፣ ጣዪው» የተባላችሁት ማንኛውም ነገር ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ካልተሠራ አይሠራም ይሏችኋል፤ ከተሠራ ደግሞ የተሠራ ነው። ጎልፍ ለምትጫወቱት ደግሞ ውድድር ሳይደርስ አሁኑኑ አሳዩዋቸው። ዱላችሁ ደህና ቢመስላችሁም ያዳምጡላችሁ። የሰው ሕይወት ነው። ስትሄዱ ምን እንደምታደርጉበት ንገሯቸው፤ እንደዚያ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። እንዲቸኩሉ ግን አትወትውቷቸው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ስልካቸውንም እንደዚሁ። አድራሻው ቀላል ነው። ከአያት የለገጣፎ ታክሲ ያዙ፣ መጨረሻ ላይ ውረዱ፣ ማንኛውንም ባጃጅ «ብረት ሠራተኛው አባባ ጋ» በሉት። ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ገና ጭቃ ስለሆነ ቦቲ አድርጉ። እሑድና በዓል አይሠሩም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይከፍታሉ።

እኔ ትናንት ማታ ሁለት መቶኛዋን ኳስ መታሁ። ከቤቴ ጀርባ ያለው የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ እረኞቹ ልጆች እየቆጠሩልኝ። ድራይቨሯ ንቅንቅ አላለችም። ነገ ጠዋት 300 ብራቸውን ይዤ እሄዳለሁ።