የእጅ ሥራ የሸክላ ስኒ ወይስ የፋብሪካ ስኒ?

ዋጋ፦ የፋብሪካው በደርዘን ስለሚሸጥ ይረክሳል፤ አንዱ ቢሰበር መሰሉ መርካቶ አይጠፋም። የእጅ ሥራው ወደድ ይላል፣ ቁርጥ አምሳያም የለውም።

መልክ፦ እዚህ ላይ ፉክክር የለም። የአዲስ አበባዋ ቀጨኔ ሰፈር ሴቶች ጭቃውን በእጃቸው ቅርጽ አስይዘው የሚሠሩትን ጥቁር ስኒ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት፤ በድንጋይ የተወለወለበት መስመር ይታያል፣ ከንፈሩም ትንሽ ወልገድ ይላል። እኔ የምወደው ያንን መወልገድ ነው።

አያያዝ፦ የፋብሪካው ፖርሴሊን ከ1200 ዲግሪ በላይ ስለሚተኮስ ውኃ አይመጥም። በክፍት እሳት የተተኮሰ ሸክላ ግን ይመጥማል፤ የቡናም የሳሙናም ሽታ ይይዛል። ሳይነክሩ ቶሎ አጥቦ ማድረቅ ነው።

መሀል ላይ በዘመኑ ስቱዲዮዎች የሚሠራው፣ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ) የተቀባው አለ፤ ለማጠብ ይቀላል። ግሌዙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት እንደሌለበት ግን ሻጩን ጠይቁ።

እንግዳ ለሚበዛበት ቤት፣ ለድግስና ለልቅሶ፣ ልጆች ለሚሯሯጡበት ረከቦት የፋብሪካው ይሻላል። ጠዋት ረጋ ብሎ ቡናውን ለሚጠጣና ለስጦታ የእጅ ሥራው። ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ በነጠላ ጠቅልላችሁ ሻንጣው መሀል አድርጉት።