ስለ ቀጭኗ መጽሐፍ፦ ለልጆች ክፍል ባለሙያዋ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በተለይ በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጆች ለምናሳድግ ወላጆች ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም የየሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት እያሰባችሁ አንብቡት። እኛ በምንሄድበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አንዲት ሴት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አላስፈቀድኳቸውም፣ ባስፈቅዳቸውም እሺ የሚሉኝ አይመስለኝም። ዕድሜያቸው ስልሳን ሳይሻገር አይቀርም። ልጄ እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው ብቻ ትጠራቸዋለች፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛ እያናገርኳቸው እንኳ «እትዬ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣብኛል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ፍርፍር እንዳላደርግባት ለመነችኝ። እሺ ብዬ ዳቦ በእንቁላል መቋጠር ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ትምህርት ቤት በር ላይ ስቀበላት በአማርኛ እንዳላናግራት ጠየቀችኝ። «መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ይሁን፣ እማዬ» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን እያንጓጠጡብኝ ነው፣ በእንጀራዋ እየሳቁባት ነው ብዬ ደመደምኩ። ስጠይቃት መልሷ «ምንም የለም» ነው። ባለቤቴ በማግስቱ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ለመግባት ሲነሣ እኔ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቆይ አልኩት።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት የምንሄድበት ቀን ነው። ልጄ መደርደሪያ ስታገላብጥ ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብዬ «ልጄን ትምህርት ቤት የሚያሸማቅቋት ይመስለኛል፤ ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ አለዎት?» አልኳቸው። ዝርዝር ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን «እሷን ራሷን ላናግራት?» ብቻ ነው ያሉኝ። ተነሥተው ሄዱና ከሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ስለ ትምህርት ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የጠየቋት ጀምራ ስለተወችው መጽሐፍ ነበር፤ የቱ ነው፣ ለምንስ ተውሽው? ልጄም ስለ አንድ ቡችላ የሚያወራ መጽሐፍ መሆኑን ነግራቸው «ሁሉም ሰው ጥሩ ነው፤ ሰለቸኝ» አለች። ሴትየዋ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሄደው ሦስት መጻሕፍት ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉላት።

አንዱ የአር ጄ ፓላሲዮ «ወንደር» ነው። ፊቱ ከሌሎች ልጆች ፊት የተለየ ሆኖ የተወለደው የአሥር ዓመቱ ኦገስት እስከ አራተኛ ክፍል ቤቱ ሲማር ቆይቶ አምስተኛ ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ይገባል። በፈረንጆቹ 2012 የታተመ ሲሆን ፊልምም ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» ነው፤ ካርቱን መሣል የሚወድ አንድ ጥቁር ልጅ እርሱን የሚመስሉ ተማሪዎች ጥቂት ወደሆኑበት የግል ትምህርት ቤት ገብቶ የሚያየውን ፍዳ የሚያሳይ የሥዕል ልቦለድ። እውነቱን ለመናገር በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ሳይ ከልቤ ቅር አለኝ፤ እኔ ለችግር መፍትሔ ስጠይቅ ካርቱን ይሰጡኛል እንዴ አልኩ። በ2020 የኒውበሪን ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው የሥዕል ልቦለድ መሆኑን ሲነግሩኝ ዝም አልኩ። ይህ ሜዳልያ አሜሪካ ከ1922 ጀምሮ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የምትሰጠው ትልቁ ክብር ነው።

ሦስተኛዋ ቀጭን ናት። የኤሊኖር ኤስቲስ «ዘ ሃንድረድ ድሬስስ»፤ መቶዎቹ ቀሚሶች ማለት ነው። ልጄ እርሷን መረጠች። ለምን ብላት «ቶሎ ታልቃለች» አለችኝ።

መጽሐፏ የታተመችው በ1944 ነው። ዋንዳ ፔትሮንስኪ የምትባል የፖላንድ ስደተኞች ልጅ በየቀኑ ያንኑ የደበዘዘ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች፤ ንጹሕ ነው፣ ግን በደንብ ተተኩሶ አያውቅም። አንድ ቀን ቤቷ ውስጥ መቶ ቀሚሶች ተሰቅለው እንዳሉ ትናገራለች። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ስንት ቀሚስ አለሽ?» ይሏታል። ዋናዋ ጠያቂ ፔጊ ናት፣ የክፍሉ ተወዳጅ። ታሪኩን የምናየው ግን በሦስተኛዋ ልጅ፣ በማዲ ዓይን ነው። ማዲ አትሰድብም። አጠገባቸው ቆማ ዝም ትላለች። እሷም ድሃ ናት፤ የፔጊን አሮጌ ልብስ ነው የምትለብሰው። አንድ ቀን «ይህን ነገር እንተወው» ብላ ለፔጊ ማስታወሻ መጻፍ ትጀምርና ቀጣዩ ተረኛ እኔ እሆናለሁ ብላ በመፍራት ወረቀቱን ትቆራርጠዋለች።

ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ተኝተን አንብበናል። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። ወረቀቱ የተቀደደበትን ቦታ ካለፍን በኋላ ልጄ ሳትናገር ገጹን መለሰችና እንደገና አነበበችው። ከዚያ መብራቱን አጥፊልኝ አለችኝ። በጨለማ ነው የነገረችኝ።

በመስከረም ከኢትዮጵያ የመጣች አንዲት ልጅ ክፍላቸው ገብታለች። እናቷ ፀጉሯን ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ሠርተዋታል። ልጆቹ በአጠገቧ ሲያልፉ አፍንጫቸውን መያዝ ጀመሩ፤ እየቆየም ጨዋታ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷ ኮሪደር ላይ ልጄን አግኝታ በአማርኛ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» ስትላት ልጄ ጓደኞቿ ፊት በእንግሊዝኛ «ምን እንደምትይ አይገባኝም፤ እኔ አማርኛ አልችልም» ብላ መለሰችላት። ጓደኞቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ልጅቷ አስተማሪ መጥታ እስክታሳያት ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።

ለካ ፍርፍሩ የተከለከለው ለዚህ ነው። በር ላይ በአማርኛ እንዳልናገር የተለመንኩትም ለዚህ ነው፤ ውሸቷን እንዳላጋልጥባት።

እጄ ተነሥቶ ነበር፤ አልዋሽም። ለመምታት ያበቃኝ ንዴት ግን አጠገቡ ሌላ ነገር ነበረበት። እኔም አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከገጠር መጥታ ክፍላችን የገባች ልጅ ነበረች። «ት» ባለበት ሁሉ «ጥ» ታደርግ ነበር፤ እኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር። እየቀዳን እናስመስላት ነበር። በጥር ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። ስሟን ለማስታወስ ያን ሌሊት ብዙ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሴትየዋ ነገሩ እንደተገለበጠ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «አውቀው ነው ያቺን የሰጧት?» ብላቸው አለማወቃቸውን ነገሩኝ። ወላጅ እንዲህ ብሎ ሲመጣ ሁልጊዜ ከየአቅጣጫው ያወጣሉ፤ የተጎዳው የሚናገርበት፣ ቆሞ ያየው የሚናገርበት። ልጁ የራሱን ቦታ ራሱ ያገኘዋል። እኔ የተጎጂ መጽሐፍ ብቻ ጠይቄ፣ እርሳቸውም እንዳዘዝኳቸው አንዱን ብቻ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ድረስ ልጄን እያባበልኩ እኖር ነበር።

ደግሞ ያን ቀን ከሰማኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው፦ ኤስቲስ ያቺን ታሪክ የጻፈችው በልጅነቷ አብራት ስለተማረችና በአንድ ቀሚሷ ስለተሾፈባት ልጅ ነው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ለቃ ስለሄደች ይቅርታ የምትልበት ዕድል አላገኘችም። «ወንደር»ም የተጀመረው አይስክሬም ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ፓላሲዮ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ሳለ ፊቷ የተለየ ሕፃን አጠገባቸው ነበረች፤ ትንሹ ልጇ ደንግጦ ሲያለቅስ ሕፃኗ እንዳትከፋ ብላ ልጆቿን ይዛ ሮጠች። ያ መሮጧ ነው ሲያሳፍራት ያደረው። ሁለቱም መጻሕፍት የተወለዱት ባልተባለ ቃል ጸጸት ነው።

ለእኔም የቤት ሥራ ሰጥተውኛል። የጁዲ ብሉምን «ብላበር» አውጥተው «ይህን መጀመሪያ አንቺ አንብቢው» አሉኝ። በ1974 የወጣ ነው። ሊንዳ የምትባል ልጅ ክፍል ውስጥ ስለ ዓሣ ነባሪ ካቀረበች በኋላ በዓሣ ነባሪ ስብ ስም ይጠሯታል፤ ተራኪዋ ጂል ደግሞ ከአሳዳጆቹ አንዷ ናት። አንብቤ ተናደድኩ። አዋቂዎቹ ምንም አያዩም፣ ክፉዎቹም የሚገባቸውን አያገኙም። በዚሁ ምክንያት ከቤተ መጻሕፍት ይውጣልን ያሉ ወላጆች በየጊዜው ተነሥተዋል። እኔ አልስማማቸውም፤ ልጆች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን እንደዚያ ሳያለዝብ የጻፈ ሰው አላየሁም። ለስምንት ዓመት ልጅ ግን አልሰጥም፤ ብቻዋን ለምታነብ ልጅም አልሰጥም።

አንድ ቅሬታ ነበረኝ፣ አሁን ተፈትቷል። ልጄ አንዳንዴ ከእርሳቸው ጋር ብቻዋን ስታወራ አያለሁ። ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃቸው በትሕትና አልነግርሽም አሉኝ። አንባቢ የሚያነበውንና የሚጠይቀውን ለሌላ ሰው አለመንገር የሙያቸው ደንብ ነው። «ልጄ አይደለችም እንዴ?» ብዬ አኩርፌ ነው የወጣሁት። ቤት ስደርስ ግን ልጄ እርሳቸው ጋ የምትሄደው ለዚሁ መሆኑ ገባኝ።

መጽሐፏን ስንጨርስ ልጄ ተበሳጨች። መጨረሻውን ለሚያነቡት ልተወው፤ ይህን ያህል ግን ልበል፦ ፔጊና ማዲ ለዋንዳ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን አይጽፉም። ወዳጅነታቸውን ብቻ ነው የሚገልጹት። «ለምን ይቅርታ አላሉም? ረሱት?» እያለች አንድ ሳምንት ጠየቀችኝ። ሰኞ ጠዋት ደብተሯ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አየሁ። በፊደል «አማርኛ እችላለው። ይቅርታ።» ይላል። «ሁ»ን «ው» አድርጋታለች። አላረምኳትም።

የልጅቷን እናት ደውዬ አግኝቻለሁ፤ ቀላል አልነበረም። ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ መጽሐፍ ብቻ ይበቃል ብላችሁ እንዳትቀመጡ ነው። በሜሪላንድ ከ2005 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ማሸማቀቅን የማሳወቂያ ቅጽ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ተማሪውም ወላጁም መሙላት ይችላል። እኔና እናትዬዋ አብረን ሞላነው፤ አፍንጫ የያዙትን ስንጽፍ የሳቀችውንም የእኔን ልጅ ስም ጻፍኩ። ባለቤቴ እስካሁን ይህ አልተዋጠለትም።

ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያስፈልጋችሁ በነፃ የሚሰጥ ካርድ ብቻ ነው። መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት ትወስዳላችሁ፤ የፈለጋችሁት ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል። ወደ መጻሕፍት መፈለጊያው ኮምፒውተር አትሂዱ። «ስለ ማሸማቀቅ» ብላችሁ ብትፈልጉ ምክር የሚያዘንብ መዓት መጽሐፍ ነው የሚወጣላችሁ፣ ልጆች ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሸሹታል። ወደ ልጆች ክፍሉ ጠረጴዛ ሂዱ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ፣ ከዚያ ወደኋላ በሉና ልጁ ያውራ። በየቅርንጫፉ እንደነዚህ ሴት ያለ ባለሙያ ላይኖር ይችላል፤ ቢሆንም ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው። ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ቆርሰው አካፈሉና ለራሳቸው ጥጉን አስቀሩ። ልጄ ያቺን አዲሷን ልጅ ይዛት መጥታ ነበር። ልጅቷ እንግሊዝኛዋ ገና ስለሆነ «በአማርኛ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ኮምፒውተራቸውን ፈትሸው የተረትና የፊደል መጻሕፍት ብቻ አገኙ። ያኔ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ትዝ አሉኝ፤ እርሳቸውም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ ነው አንድም የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ያጡት፤ በኋላም አገር ቤት ተመልሰው በፈረንጆቹ 2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ለሴትየዋ ይህን ስነግራቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገዛ ሕዝብ መጽሐፍ የሚጠቁምበት ቅጽ እንዳለም ነገሩኝ።

ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ባዶውን። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን፣ በትምህርት ቤት ስለሚገለል ወይም ስለሚያገልል ልጅ የተጻፈ የአማርኛ ልቦለድ የምታውቁ ርእሱንና የደራሲውን ስም ላኩልኝ። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ልጆች ይጠይቁኛል።