የቤታችንን አኳሪየም ለሚንከባከብልን ወጣት ምስጋና

ይህ ጽሁፍ የቤታችንን አኳሪየም፣ ማለትም ዓሦች የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ፣ ለሚያጸዳልን ወጣት ምስጋና ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ሥራውን ግን በዝርዝር እነግራችኋለሁ። አኳሪየም እናጸዳለን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ምን መነካት እንደሌለበት ጭምር የሚያውቅ ሰው ግን እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አኳሪየሙ የአባቴ ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከቤት ብዙም አይወጡም። አብዛኛውን ቀን ዓሦቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚውሉት። የትኛው ፈሪ እንደሆነ፣ የትኛው የሌላውን ምግብ እንደሚቀማ ያውቃሉ። አንዱ ዓሣ ጥግ ይዞ ከዋለ ከሁላችንም ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዓሦቹ መሞት ሲጀምሩ የተጨነቀው ቤቱ ሁሉ ነው።

ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ጠርተን ነበር። ማንነቱን መናገር አያስፈልግም። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፋው። ጠጠሩን በሳሙና አሸው። የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዞ አዲስ እስኪመስል አጠበው። ሲጨርስ መስታወቱ ያብረቀርቅ ነበር፤ ደስ ብሎን ሸኘነው። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ነጭ ሆኖ ደፈረሰ። ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ከዚያ ሞት ተከተለ።

አሁን የማመሰግነው ልጅ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ባልዲውን አስቀምጦ መጀመሪያ መጠየቅ ጀመረ። ስንት ሊትር ይይዛል? መጨረሻ የጸዳው መቼ ነው? በምን? በቅርቡ አዲስ ዓሣ ገብቷል? በቀን ስንቴ ነው የሚበሉት? ከዚያ ውሃውን በትንንሽ ቱቦዎች ቀድቶ የመለኪያ ጠብታ ጨመረበት። የአሞኒያው ቱቦ ቀለሙን ቀየረ። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ጤነኛ አኳሪየም ውስጥ 0 ነው መሆን ያለበት።

«አባባ፣ ታጥቦ የሄደው ቆሻሻው ብቻ አይደለም። ቆሻሻውን የሚያጸዱልዎት ሠራተኞችም አብረው ሄደዋል» አላቸው። ሠራተኞች ያላቸው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ነው። ዓሣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። የናይትሬት ጉዳት በጣም ያነሰ ነው። ውሃው በየጊዜው በከፊል ሲቀየር ይቀንሳል፤ ተክል ካለም ይመገበዋል። በአዲስ አኳሪየም ይህ ሁሉ ሥርዓት እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሁሉን ነገር በሳሙናና ክሎሪን ባለው ውሃ ማጠብ ማለት እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። አባቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያስረዳሉ።

ከዚያ ማዳኑ ላይ ገባ። ትንሽ ትንሽ ውሃ ደጋግሞ ይቀይራል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ምግቡን በጣም አስቀነሰን። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ቤት ካለው፣ በሽታ ከሌለበት አኳሪየም ውስጥ ሲሠራ የቆየ ስፖንጅ በውሃ ነክሮ አመጣልንና የእኛ ፊልተር ውስጥ አስገባው። ባክቴሪያው አብሮት መጣ ማለት ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 እስኪሆኑ ድረስ አልተወንም። የተረፉት ዓሦች ዛሬም አሉ።

አሁን በየጊዜው ሲመጣ የሚሠራውን ቁጭ ብዬ ማየት እወዳለሁ። ከሁሉ በፊት የማሞቂያውን ሶኬት ይነቅላል። ማሞቂያው እንደጋለ ውሃው ከጎደለበት የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ኤሌክትሪክ እየሠራ እጅ ውሃ ውስጥ መክተትም አደጋ አለው። ቀጥሎ ውስጡን መስታወት በለስላሳ ስፖንጅ ይጠርጋል፤ አረንጓዴው አልጌ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በቱቦ ከጠጠሩ መሃል ቆሻሻውን ከነውሃው ይስባል። ሁሉንም ጠጠር በአንድ ቀን አይነካም፤ ዛሬ ግማሹን፣ በሚቀጥለው ሌላውን። ሩብ ያህል ውሃ ሲወጣ ያቆማል።

የፊልተሩን ስፖንጅ የሚያለቀልቀው በዚያው ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ነው። አንዴ ሁለቴ ጨመቅ ያደርገውና ይመልሰዋል። ቡናማ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ለዓይን ያስቀይማል፤ ለዓሦቹ ግን ሕይወታቸው ነው።

አዲሱን ውሃም ዝም ብሎ አይገለብጥም። በቴርሞሜትር ለክቶ ከውስጡ ጋር ያመሳስለዋል። የእኛዎቹ የሞቃት አገር ዓሦች ስለሆኑ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው የሚስማማቸው። ክሎሪኑንም በጠብታ መድኃኒት ያጠፋዋል። ብዙ ሰው ውሃውን ክፍት አሳድሮ ይጠቀማል። ተራ ክሎሪን ከሆነ ተንኖ ይወጣል። ውሃው የታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሠሩት) ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃውም። ባልዲውም ለአኳሪየም ብቻ የተለየ ነው፤ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። የውጩን መስታወት እንኳ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በሚረጭ ማጽጃ አይወለውልም።

በጣም ያከበርኩት ደግሞ እንቢ ማለት መቻሉን ነው። አባቴ የሞቱትን ለመተካት ቶሎ ዓሣ እንዲገዛላቸው ለመኑት። «አባባ፣ ውሃው ይረጋጋ፤ አሁን ባመጣልዎት እነሱም ይሞታሉ» አላቸው። ቢያመጣ ገንዘብ ያገኝበት ነበር። ጊዜው ሲደርስም አዲሶቹን በቀጥታ አላስገባቸውም። ነጭ ነጠብጣብና ሌላ በሽታ እንዳይገባ ሌላ ዕቃ ውስጥ ለሳምንታት ለይቶ አቆያቸው። እኔም አልጌ የሚገድል መድኃኒት ስጠይቀው መጀመሪያ ያየው መስኮቱን ነበር። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። አኳሪየም ሞልቶ ሳለ ከቦታው አይነሳም፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ መጋረጃ አስደረገን፣ መብራቱንም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይበራ አደረገ። መድኃኒት ሳንገዛ አልጌው ቀነሰ።

የእህቴ ልጆች ዓሣ መመገብ ይወዳሉ፤ ዓሣ ደግሞ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል። እነሱንም አስተምሯቸዋል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ነው የሚሰጡት። ውሃ ሲጎድል ጨምሮ መሙላትም ውሃ መቀየር እንዳልሆነ የነገረን እሱ ነው። የሚተነው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፤ ናይትሬቱና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል።

በችኮላ ተሠርቶ እንዲያብረቀርቅ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ ለእናንተ አይሆንም። ጊዜ ይወስዳል። ቀጠሮም ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፤ በተያዘው ሰዓት ግን ይመጣል። ሲሄድ ወለሉን አድርቆ፣ ፊልተሩ በደንብ መፍሰሱን አይቶ፣ የለካውን በደብተራችን ላይ ጽፎ ነው የሚወጣው። አባቴን ሳያጫውት ሄዶ አያውቅም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው ከልብ እናመሰግንሃለን። እጅህ ይባረክ። አባባ ካንተ ሌላ ሰው አኳሪየሙን እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

የምትፈልጉት ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ስትጽፉ አኳሪየማችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ምን ዓይነት ዓሦች እንዳሉበትና መጨረሻ መቼ እንደጸዳ ጨምሩበት፤ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ዓሦቻችሁ አሁን እየታመሙ ከሆነ ደግሞ እሱ እስኪደርስ ምግብ ቀንሱ፣ ፊልተሩን አታጥፉት፣ ስፖንጁንም ቧንቧ ሥር አትጠቡት።