ኮፒ ሾክ ከምትገዙ አሮጌውን አሳድሱ፦ ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ መንገድ የሞተር ሾክ ንጽጽር

"ሾኬ ሞቷል፣ የትኛውን ልግዛ?" በዚህ ክረምት ብቻ ስድስት ሰው እንዲህ ብሎ ደውሎልኛል። አንዱማ ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ቆሞ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ሾክ ማለት የሞተር ሳይክሉን መንገጫገጭ የሚያበርደው፣ ሞላና ዘይት ያለበት ክፍል ነው፤ ኮፒ የምለው ደግሞ ኦሪጅናል አስመስለው የሠሩትን ነው።

ሜካኒክ አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምነዳው ቦክሰር 150 ነው፤ ከኋላዬ የክትባት ሳጥን ይታሰራል። ጠዋት ከደብረ ብርሃን በአስፋልት ተነስቼ፣ ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ እታጠፍና ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ስንገጫገጭ እውላለሁ። ሾክ ሲበላሽ የሚጎዳው ወገቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ጥር 2016 ላይ የሞተሬ የኋላ ሾክ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ዘንጉ ላይ ዘይትና አቧራ ተላቁሶ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። መርካቶ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ካርቶኑን እየው" አለኝ። አየሁ። ስሙ አለ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክቱ አለ። ሾኩን ግን በደንብ አላየሁትም። ኦሪጅናሉ ጥንዱ 5,200 ብር በሚጠየቅበት ጊዜ በ2,400 አገኘሁ ብዬ፣ ሜካኒኬንም ሳላማክር፣ አቅፌው ተመለስኩ።

በ19ኛው ቀን ወደ ሞላሌ ስሄድ (ሞላ የሚሰበረው ሞላሌ መንገድ ላይ ነው እያሉ እስካሁን ይቀልዱብኛል) የግራው ሾክ የታችኛው ጆሮ (በብሎን የሚታሰርበት) ከብየዳው ላይ ተገንጥሎ ወጣ። ሞተሩ በአንድ ጎን ዘጭ አለ። እኔ አልወደቅኩም፤ ሳጥኑ ግን ከታሰረበት ተፈናጥሮ የበግ ፈንጣጣ ክትባት 11 ብልቃጥ ተሰበረ። የዚያን ቀን በጎቻቸውን በረት ዘግተው ሲጠብቁኝ ለዋሉት ገበሬዎች ምን እንዳልኳቸው አልናገርም። ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ ለመመለስ ደግሞ 600 ብር ከፈልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ የተሰበረውን በባትሪ አየሁት። ብየዳው ጆሮውን ዙሪያውን አልዞረም። ግማሹ ላይ ቆሟል፤ የቀረውን በጥቁር ቀለም ሸፍነውታል። በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ። ሞላውንም ሳወጣው አንድ ብቻ ነው። የቦክሰር ኦሪጅናል ሾክ ግን ሞላ ውስጥ ሌላ ሞላ አለው፤ ጭነት ሲበዛ ሁለቱ ይጋገዛሉ። በማግስቱ ጎረቤቴ ካለው የበርበሬ ሚዛን ላይ ሁለቱን በየተራ ሰቀልኳቸው። አሮጌው ኦሪጅናል፣ ዘይቱ ግማሽ አልቆ እንኳ፣ ከአዲሱ ኮፒ 400 ግራም ያህል ይበልጣል። ብረቱን ነው የሰረቁኝ።

እንግዲህ ወደ ዋጋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ያለውን ነው የምነግራችሁ፤ የቀድሞውን እርሱት። ባለፈው ወር ለጓደኛዬ ስጠይቅ አዲስ ኦሪጅናል ጥንዱ 9,500 ብር፣ ኮፒ 4,200፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ሶማሌ ተራ ተከራክሬ 3,800፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን የራሳችሁን ኦሪጅናል ማሳደስ ደግሞ 2,200 ብር ነበር። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ የትራንስፖርት ደርሶ መልስ 700 ብር ጨምሩበት፤ ሰው ይህችን ሁልጊዜ ይረሳታል። 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ 500 ብር አተረፍኩ የሚል ሰው አውቃለሁ።

አሁን በወር አካፍሉት። የማውቃቸው ሰዎች ኮፒ ሾክ እንደኛ ባለ መንገድ ላይ ከአምስት ወር አላለፈላቸውም፤ 4,200 ለአምስት ሲካፈል በወር 840 ብር ነው። እኔ አሮጌውን ኦሪጅናሌን አሳድሼው 14 ወር ሄዷል፣ አሁንም ደረቅ ነው፤ በወር 157 ብር ገደማ። አዲስ ኦሪጅናል ሦስት ዓመት ቢሄድ በወር 264 ብር ይመጣል። ርካሽ የተባለው ኮፒ ከሁሉም ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የተሰበሩትን ብልቃጦች አልቆጠርኩም።

ማሳደስ ሲባል ሁለት ዓይነት እንዳለ ግን እወቁ። አንደኛው የሰነፍ ነው፦ ጎኑን በመሰርሰሪያ ይበሱና ዘይት ጨምረው በብየዳ ይደፍኑታል። ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) አልተቀየረም፤ በወሩ ያንጠባጥባል። ይህን በ500 ብር የሚሠሩላችሁ አሉ፤ አመስግናችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) የሚገባው ነው። ባለሙያው አፉን በቶርኖ ከፍቶ ጥርስ ያወጣለትና በዳዶ እንዲዘጋ ያደርገዋል፤ ሲሉን በአዲስ ይቀይራል፣ ጎሚኒዎቹን ያድሳል፣ ዘይቱን ለክቶ ይሞላል። ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ የምትከፍሉት ለሲልና ለዘይት ብቻ ነው።

ሥራው የሚያዋጣው ግን ዘንጉ ደህና ከሆነ ነው። ዘንጉን ጠርጉና ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች ጎትቱበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ አዲሱን ሲል በሁለት ሳምንት ይቆርጠዋል። ጠማማ ከሆነም እንደዚያው፤ መስታወት ላይ አንከባሉት፣ ከስሩ ብርሃን እየበራ እየጠፋ ካለፈ አልቋል። ያኔ ወደ ያገለገለ ኦሪጅናል ሂዱ። ያገለገለ ስትገዙም ይህንኑ የጥፍርና የመስታወት ምርመራ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ አድርጉ። ሻጩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ሁሉ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ ላላቸው ተራ ሞተሮች ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ መሀል ላይ አንድ ሾክ ያላቸው ሞተሮች ሾካቸው ውስጥ በኃይል የታመቀ ናይትሮጅን ሊኖር ይችላል። እሱን በመሰርሰሪያ የሚነካ ሰው ሲያጋጥማችሁ ከአጠገቡ ራቁ፣ ሾካችሁንም ቀምታችሁ ውሰዱ።

አዲስ ኦሪጅናል መግዛት ያለበት ማነው? ብሩ ያለው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ከስድስቱ ደዋዮች የሁለቱ ሾክ ጭራሽ አልሞተም ነበር። አንዱ አስተማሪ ነው፤ ወደ አንኮበር ሲወርድ ሞተሩ እንደ በቅሎ እየረገጠ አስቸገረው። ኮፒም ቢሆን ልግዛ እያለ 4,200 ብሩን ይዞ ነው የመጣው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሞላውን የሚያጠብቀውና የሚያላላው የሾኩ የታችኛው ቀለበት በሁለቱም ጎን አምስተኛው ጥርስ ላይ ነው። ማን እንዳጠበቀው አያውቅም፤ ሲገዛም እንደዚያው ነበር። ብዙ ሰው "ጠበቅ ሲል ይሻላል" ይላል። ለሁለት ሰውና ለአንድ ኩንታል ጤፍ ይሻላል። ለብቻው፣ ደብተር ብቻ ይዞ ለሚሄድ 60 ኪሎ ሰው ግን ሞላው አይታጠፍም፤ ጎማው ድንጋዩን ከመዋጥ ይልቅ ይዘለዋል። በሞተሩ ዕቃ ውስጥ ባለችው ባለ መንጠቆ ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ጥርስ አወረድነው፤ ሁለቱንም ጎን እኩል። አምስት ደቂቃ፣ ዜሮ ብር። ቡና ጋበዘኝ።

የትኛው ጥርስ እንደሚስማማችሁ በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ሞተሩን በመሀል መቆሚያው አቁሙና ከኋላ ጎማው ዳዶ ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ኮርቻው ብሎን ለኩ። ከዚያ ልብሳችሁንና ጭነታችሁን እንዳለ ይዛችሁ ተቀመጡበትና ሌላ ሰው ይለካ። ሞተሩ መውረድ የሚገባው ሾኩ በጠቅላላ ከሚታጠፈው ሲሶውን ያህል ነው። ከዚያ አብልጦ ከወረደ አላልታችሁታል፤ ጭራሽ ካልወረደ አጥብቃችሁታል። እኔ ለአስፋልትና ሰው ጭኜ ስሄድ አራተኛው፣ ለመንዝ ጠጠር ከሳጥኔ ጋር ሦስተኛው፣ ለብቻዬ ሁለተኛው ጥርስ ላይ አደርጋለሁ። ወደ ጅሩ በክረምት ከሄዳችሁ ደግሞ የቱም ጥርስ አያድናችሁም፤ መረሬው (ጥቁሩ ጭቃ) ጎማውንና ፓራፋንጎውን አንድ አድርጎ ያጣብቀዋል፣ ችግራችሁ ሾክ አይደለም።

የፊቱ ሾክ ላይ ሰው ገንዘብ አያወጣም፤ እኔ ግን ከኋላው በፊት እሱን እሠራለሁ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ክብደቱ በሙሉ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ከተደፋ ዘይቱ አልቋል ወይም እንደ ውሃ ቀጥኗል። ዘይት ማስቀየር ከነዘይቱ 650 ብር ነው የከፈልኩት። ጋራዡ የሞተር ዘይት ሊሞላላችሁ ሲል እምቢ በሉ፤ 20ደብሊው50 ለፊት ሾክ በጣም ወፍራም ነው። በተለይ ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ እንደ ሙጫ ይሆንና እጃችሁን ያደነዝዛል። 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ካልተገኘ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያስኬዳል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ የሚውል ሰው 15 ቁጥር ቢያደርግ ይመርጠው ይሆናል። ግራና ቀኝ እኩል መለካቱን ቆማችሁ እዩ፤ በግምት ሲያፈሱ አይቻለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን የጎማ ንፋስ። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ልኩን ሳትናገሩ "ሙላልኝ" ካላችሁ ድንጋይ አድርጎ ይሰጣችኋል፤ ሾኩ ያለ ጥፋቱ ይሰደባል። ለጠጠር የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ይህም ደርሶብኛል፤ 80 ብር።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ኮፒ ልግዛ ካላችሁ፣ ቢያንስ ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ አቁማችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑትና ልቀቁት። ዘይት ያለው ሾክ ቀስ ብሎ ይመለስና ይቆማል። እጃችሁን ገፍቶ ፈንጠር ካለ ውስጡ ባዶ ነው፤ የገዛችሁት ሞላ ብቻ ነው። የጆሮውን ብየዳም ዙሪያውን በጥፍር ፋቁት።

አሮጌውን ኦሪጅናላችሁን ደግሞ ጋራዥ ጥላችሁ አትሂዱ። ሜካኒኩ "ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ከፈለግክ 200 ልስጥህ" ይላችኋል። አሳድሶ ለሌላ ሰው በ3,800 የሚሸጠው እሱን ነው።