ትከሻዬን የገላገሉኝ የእንጅባራው ኮርቻ ሠሪ

ባለፈው ጥር ትከሻዬ ላይ ያለውን ሰንበር ያያችሁ ጓደኞቼ "ማን ገረፈህ?" እያላችሁ ስቃችሁብኛል። የገረፈኝ የጊታሬ ማንገቻ ነው። አሁን ሰንበሩ ጠፍቷል። ያጠፉልኝን ሰው ላመሰግን፣ እናንተም እንድታውቋቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዜ 4 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል። ጥር ደግሞ ሰርግ በሰርግ ነው። ያን ተሸክሞ አምስት ስድስት ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ ባንድ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ክብደቱስ ይለመዳል። ያስመረረኝ የማንገቻው መጠምዘዝ ነው። ናይለን ነበር፤ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማሳጠሪያ ዘለበቱ ደረት ላይ የሚውል። ሳነግተው ደህና ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይገለበጥና ትከሻዬ ላይ በጠርዙ ይቆማል። ያኔ 4 ኪሎው በሙሉ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል። እስክስታው ደምቆ፣ ሙሽሮቹ መሐል ገብተው፣ እኔ ማንገቻ አቃናለሁ። ቤዝ ዝም ሲል ደግሞ ጭፈራው ወዲያው ነው የሚያነክሰው።

ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። የመጨረሻውን የሸጠልኝ ሰውዬ "ኦርጅናል ነው፣ አይጠመዘዝም" ብሎ ምሎልኝ ነበር። መሐላው አንድ ሰርግ እንኳ አልዘለቀም።

እንጅባራ ለሰርግ ሄደን ሳለ ነው ነገሩ የተቀየረው። ኪቦርድ ተጫዋቻችን የዚያው ልጅ ነው። በእረፍት ሰዓት ትከሻዬን ሳሻሽ አየኝና "ኮርቻ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፣ ለምን እሳቸውን አታሳያቸውም?" አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። እሱ ግን የምሩን ነው። እንጅባራ እኮ የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ትውልድ ተፈራርቋል። ጥር 23 ቀን በዓሉ ሲከበር፣ ዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ሲታሰቡ፣ ሜዳው ላይ የሚታየው የፈረስ ጌጥ ብቻውን ትርኢት ነው። እዚያ አገር ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ሰው ሥራ አይፈታም።

በማግስቱ ሄድን። ጠባብ ቤት ናት፤ ቆዳና ሰም ይሸታል። ጋሼ የጊታሬን ዓይነት አልጠየቁኝም። "አንግተው" አሉኝ። አነገትኩት። "በል ተጫወት።" ያለ አምፕሊፋየር፣ ማንም የማይሰማው ቤዝ እየመታሁ ቆምኩ። እሳቸው ከኋላዬ ዞሩና ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ማንገቻውን ፈትተው መሬት ላይ ዘረጉት።

"ልጄ፣ ይኼ ቀጥ ያለ ነው። አንተ ግን ቀጥ ያልክ አይደለህም።"

ከአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ቀደዱና ትከሻዬ ላይ አስቀመጡት። ትከሻ ከአንገት ወደ ክንድ ተዳፋት ነው። ማንገቻው ደግሞ ከደረት ተነስቶ፣ ትከሻን ተሻግሮ፣ ጀርባን አግድም ቆርጦ ነው ሌላኛው ዳሌ ጋ የሚደርሰው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነገር በዚህ መንገድ ሲሄድ አንዱ ጠርዝ ይወጠራል፣ አንዱ ይላላል። የተወጠረው ሸክሙን ብቻውን ይይዛል፤ የላላው ይታጠፋል። ከረጢቱ እውነትም ዐይኔ እያየ ታጠፈ። ይኼን ያህል ዓመት ስጫወት እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

"ኮርቻውን ሆዱ ሥር የሚያስረው ጠፍር ቢጠመዘዝ ፈረሱ ይቆስላል" አሉኝ። "ፈረስ እንዳንተ አያማርርም። ይጥልሃል።"

ድሮ ቆዳ የሚነካ እጅን ስም እያወጣን፣ አብረን ማዕድ የማንቆርስ ሰዎች ነበርን። ፊታቸው ቆሜ ይኼ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ሥራቸውን ልንገራችሁ። ቆዳውን የመረጡት ከበሬው ጀርባ ነው። የሆድ በኩል ያለውን ጎተት አድርገው አሳዩኝ፤ ተለጠጠ። "የሆድ ቆዳ ሆዳም ነው" ብለው ሳቁ። ሲቆርጡት ቀጥ አላደረጉትም፤ በጣም በትንሹ እንደ ማጭድ ጎበጥ አድርገውታል፣ ጉብጠቱ አንገትን እንዲከተል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው 8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ወደ ጫፎቹ እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለት ድርብ ነው። እኔን ያስገረመኝ ድርቡን የለጠፉበት መንገድ ነው። ማስቲሹን ቀቡና ጠረጴዛ ላይ አላነጠፉትም። ያልተሸፈነ የኮርቻ እንጨት አውጥተው፣ ሁለቱን ቆዳ በላዩ አልብሰው፣ በገመድ ጠፍረው አሳደሩት። ሲደርቅ የእንጨቱን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ከዚያ በወስፌ እየበሱ፣ ሰም በጠጣ ክር ዙሪያውን ሰፉት። ሻካራው ገጽ ወደ ውስጥ ነው፤ ሸሚዝ ላይ አይንሸራተትም።

ዘለበት የለውም። "ዘለበት ባለበት ላይ ነው የሚጀምረው" አሉ፤ መጠምዘዙን ማለታቸው ነው። በምትኩ የኋላው ጫፍ ቀጭን ምላስ አለው፤ በተርታ ከተሰነጠቁት ቀዳዳዎች በአንዱ ሾልኮ ይቆለፋል። ጊታሩ ላይ ማንገቻ የሚንጠለጠልባቸውን ጉጦች የሚይዙት ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። መጀመሪያ ቀን በአውራ ጣቴ ገፍቼ ለማስገባት ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከገባ በኋላ ግን አይወልቅም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ እንደሠራሁ ቆጠራ ትቻለሁ። አንድ ጊዜም አልተገለበጠም። ቤዙን ለቅቄ ሳጨበጭብ እንኳ ባለበት ነው።

እንከኑንም ልናገር። ጋሼ ቀጠሮ ላይ እግዜር ይይላቸው፤ ሐሙስ ያሉኝን የሰጡኝ በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። ጥር 23 ሲቃረብ አገሬው ሁሉ ልጓም ይዞ በራቸው ላይ ይሰለፋል፣ ለጊታር ማን ጊዜ አለው? በጥር አትሂዱ። ጥቁር ቀለሙ መጀመሪያ ሰሞን ነጭ ሸሚዜን በክሎብኛል፤ ቡናማውን እዘዙ። ከናይለን ይከብዳል፣ ሽታውም ሁለት ሳምንት ያህል አብሯችሁ ይሰነብታል። የከፈልኩት 1,200 ብር ነው። ሦስቱ ናይለኖች ተደምረው ከዚያ በላይ ወስደውብኛል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። እንጅባራ ገበያ ገብታችሁ ኮርቻ የሚሠሩት ሽማግሌ የት ናቸው በሉ፤ ልጅ እንኳ ይመራችኋል። ጊታራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልክ በፎቶ አይወስዱም። ክራር ወይም አኮርዲዮን ላላችሁም ቢሆን ሳያዩ አይመልሷችሁም።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደማያዩ አውቃለሁ፤ ልጅዎ ያንብብልዎ። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። የመሲንቆ ተጫዋቻችን ሰላም ብሎዎታል፣ የእሱ ማንገቻስ መቼ ይደርሳል እያለ ነው።