ከትሪስታን ዳ ኩኛ በመርከብ የመጣ የሱፍ ካልሲ

ካልሲው እጄ የገባው ካዘዝኩት በአምስተኛው ወር ነው። ይህን የምናገረው ለመውቀስ አይደለም። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያለው የእንግሊዝ ግዛት፣ ትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴት፣ አውሮፕላን ማረፊያ የለውም፤ ከኬፕታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የሚመላለሱት መርከቦች በዓመት ጥቂት ናቸው። ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ ደሴቲቱ አጠገብ የደረሰ መርከብ እንኳ ጭነቱን ማራገፍ ያቅተዋል። ለችኩል ሰው የሚሆን ግዢ አይደለም።

ሹራብ መሥራት የጀመርኩት በልጅነቴ ስለሆነ ክር በጣቴ እለያለሁ። ይህኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ስላልለቀቀው ሲረጥብ የበግ ጠረኑ ይመጣል። ተረከዙ ላይ ክሩ ተደርቦ ጠበቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ካልሲ መጀመሪያ የሚሳሳው የት እንደሆነ የሚያውቅ እጅ ነው የሠራው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አራት ሰማያዊ መስመሮች ዞረውታል። በደሴቲቱ ልማድ ልጃገረድ ለምትወደው ወጣት ካልሲ ትሠራለት ነበር፤ መስመሩ በበዛ ቁጥር ፍቅሯም የዚያን ያህል ነው። ጣቶቹ ጫፍ ላይ መጋጠሚያው ስለሚወፍር ግን በጠባብ ጫማ ይቆረቁራል።

ይበልጥ የወደድኩት ሱፉ ያለፈበትን ሕግ ካወቅኩ በኋላ ነው። የደሴቲቱ ነዋሪ ከ250 አይበልጥም። መሬቱ የጋራ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚያረባው የከብትና የበግ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ግጦሹ እንዳይራቆት፣ አንዱም ከሌላው በላይ እንዳይከብር። ሥሩ ሩቅ ነው። የእንግሊዝ ጦር ደሴቲቱን ለቅቆ ሲወጣ ኮርፖራል ዊሊያም ግላስና ሁለት ባልደረቦቹ እዚያው ቀሩ፤ በኅዳር 1817 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በፈረሙት ውል ንብረቱም ትርፉም እኩል እንዲሆን፣ ማንም በማንም ላይ የበላይ ነኝ እንዳይል ተስማሙ። ብዙ አገር እኩልነትን በወረቀት ላይ ጽፏል፤ በበግ ቁጥር የለካው ግን ይህ መንደር ነው፤ እኔን የነካኝም ይኸው ነው።

ዛሬ በየሦስት ዓመቱ ስምንት የምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ፤ ሦስት ደግሞ ይሾማሉ። ከተመራጮቹ አንዱ በሕዝብ ድምፅ የደሴቲቱ አለቃ ይሆናል። በላያቸው ያለው አስተዳዳሪ ግን ከለንደን ይላካል፤ ተጠሪነቱም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሴንት ሄለና በተባለች ሌላ የእንግሊዝ ደሴት ለተቀመጠው ገዢ ነው። ይህ አይዋጥልኝም። መኖ፣ ዓሣና ባሕር ላይ እንዲህ አስተውሎ የሚወስን ሕዝብ የበላዩን ሹም ራሱ መምረጥ ይገባው ነበር።

ውሳኔያቸውን ደግሞ ዓለም አይቶታል። በ1961 (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሁሉም ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ሥራና ቤት ተሰጥቷቸው ሳለ፣ በ1962 መጨረሻ ስለ መመለስ ድምፅ ሲሰጡ 148 ለ5 «እንመለስ» አሉ። በ1963 አብዛኞቹ ወደ በጎቻቸው ተመለሱ።

ካልሲውን በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ አትጭመቁት፤ ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ቁጥር ስትመርጡ አንድ ከፍ አድርጉ። እኔ ስድስት መስመር ያለው ሌላ ጥንድ አዝዣለሁ፤ ለባለቤቴ ነው።