ለደሴዋ ሲስተር ምስጋና፣ እህት ዓረብ አገር ለምትወልድባችሁ ደግሞ ጥቆማ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች።

ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለነገረችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ዛሬ ልጄን ታቅፌ እማየ ቤት የተቀመጥኩት ከአላህ ቀጥሎ በእሷ ነው። ለማጋነን አይደለም፤ ያከሙኝ የጅዳ ሐኪሞች ብንዘገይ ኖሮ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊከተል ይችል እንደነበር ለባለቤቴ ነግረውታል።

ባለቤቴ ጅዳ ኩባንያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ልጃችንን እዚያው ወለድኩ። ምጡም ወሊዱም ደህና ነበር። በእርግዝናዬ ጊዜ ግፊቴ ከፍ ብሎ አያውቅም። የኔንም የልጁንም ወረቀት ሰጥተው በማግሥቱ አሰናበቱን። ይህ ይህ ከታየሽ ተመለሺ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ተብዬም ከሆነ በማልሰማው ቋንቋ ነው። የኔ ዓረብኛ ለገበያ ያህል ነው፣ ሐኪም ፊት የሚያቆም አይደለም።

ሳምንት ሳይሞላኝ ራሴን ያመኝ ጀመር። ፓናዶል ወሰድኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ፣ በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ያመኝ ጀመር፣ ፊቴም እግሬም አበጠ። አራስ ቤት ደግሞ ለሁሉም ነገር ስም አይጠፋም፤ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ የአገር ናፍቆት ነው። እማየ በስልክ "ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ የሚያሽልኝ ሰው እዚያ ባገኝ" እያለች ታለቅሳለች። እማየ አይፈረድባትም። ሁላችንንም በዳማከሴና በጤና አዳም ያሳደገች ሴት ናት፣ ከዚያ ርቀት ሌላ ምን ታድርግ።

ሲስተር ጋ የደወለችው ታላቅ እህቴ ናት። ልጆቿን ያዋለደቻት እሷ ስለሆነች ስልኳ ነበራት። የጅዳና የደሴ ሰዓት እኩል ነው፤ እኛም ጋ እነሱም ጋ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ሲስተር "በኢሞ አገናኙኝ" አለች።

መብራት አብሪና ፊትሽን አሳዪኝ አለችኝ፤ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። ቀጥላ "ቅልጥምሽን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዢና ልቀቂው፣ ካሜራውን ወደዚያ አዙሪው" አለች። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ዓይንሽ ብዥ ይላል? ትንፋሽ ያጥርሻል? ሽንትሽ ቀንሷል? ደም ምን ያህል ይፈስሻል? ትኩሳት አለሽ? በመጨረሻም "ከወለድሽ ወዲህ ግፊትሽን ማን ለካሽ?" አለችኝ። የለካኝ ሰው አልነበረም።

"ምች አይደለም። አሁን ተነሱና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም።" አልጮኸችም፣ አላስደነገጠችንም፣ ግን ለክርክርም ቦታ አልተወችም። ለባለቤቴ "መኪና ካጣህ 997 ደውል፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው" ስትለው ከየት አወቀችው ብዬ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ስሰማ፣ የምታዋልዳቸው ሴቶች ግማሹ ዘመዳቸው ዓረብ አገር ስለሆነ፣ የየአገሩን የአምቡላንስ ቁጥር ደብተሯ ላይ ጽፋ ይዛለች።

ከዚያ ያደረገችው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እህቴን በዚያ ሌሊት ሰፈራችን ያሉ ኡስታዝ ቤት ሰደደቻት። እሳቸውም አላህ ይስጣቸው፣ ተነሱላት። ሲስተር በስልክ በአማርኛ ያለችውን በዓረብኛ አጠር አድርገው ጻፉት፤ በቅርቡ የወለደች ናት፣ የማይለቅ ከባድ የራስ ምታት አላት፣ ዓይኗ ብዥ ይላል፣ የላይኛው ሆዷን በቀኝ በኩል ያማታል፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ የደም ግፊቷን ለኩ፣ ሽንቷንም መርምሩ። መልእክቱ ታክሲ ውስጥ እያለን ደረሰን። በር ላይ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ኢንሹራንስ፣ ቁሙ ተቀመጡ ሲሉን ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ስልኩን ለነርሷ ሰጣት። አንብባ ሳትጨርስ ክንዴን ያዘችኝ። ግፊቴ 160 በ110ን አልፎ ነበር።

ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ነው፤ የኔው ከወሊድ በኋላ የመጣው ዓይነት ነው። መንቀጥቀጥ እንዳይመጣ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ሲገባ ገላ ሁሉ እሳት የነካው ያህል ይግላል፤ አስቀድሞ የነገራት ከሌለ ሴትዮዋ የሞተች ይመስላታል። እኔ ግን ሲስተር "ሙቀት ይሰማሻል፣ አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ ነው" ብላኝ ስለነበር ቻልኩት። ልጄን ጎረቤታችን የሐርቡ ልጅ ወስዳ አሳደረችልኝ። ውለታዋን አልረሳውም።

በኋላ ሲስተር እንዳስረዳችኝ፣ ልጁ ወጣ የእንግዴ ልጁም ወጣ፣ አለቀ ማለት ልማድ ነው፤ ይህ ሕመም ግን ከወሊድ በኋላም፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበረባትን ሴት ሊይዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዴ እስከ 6 ሳምንት ድረስ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ 160 በ110 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ችላ ከተባለ መንቀጥቀጥ፣ ስትሮክ፣ የኩላሊትና የጉበት ጉዳት ያመጣል።

ከሆስፒታል ስወጣ እማየ "ነገውኑ ትምጣልኝ" አለች። ያስቆመቻት ሲስተር ናት። ግፊቱ በመድኃኒት እስኪረጋና ሐኪሙ መብረር ትችላለች ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ታገሱ አለች። የወለደች ሴት እግሯ ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ውስጥ እየተነሳሁ እንድራመድና ውኃ እንድጠጣ ነገረችኝ። ማኅተም ያለበት የሆስፒታል መውጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ እንዳስጽፍ፣ የመድኃኒቱንም ካርቶን ባዶውን ቢሆን እንዳልጥል አደራ አለችኝ። ምክንያቱን እዚህ ስመጣ አየሁት። በትልቁ የተጻፈውን የአምራቹን የንግድ ስም ደሴ ያለ ፋርማሲ አያውቀውም፤ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ግን ወዲያው አወቁት።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን ሐረጎን ወጥተን ቤት ስንገባ ቤቱ በሰው ሞልቷል። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚሉትም እንኳን አላህ አተረፈሽ የሚሉትም ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው፣ ገንፎው ቀርቦ፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ሲስተር ከሥራ ወጥታ ከነዩኒፎርሟ መጣች። አየችን፣ ሰላም አለችን፣ ከዚያ "እናቶቼ፣ ቡናው ትንሽ ይቆየን፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ዝም በሉልኝ" አለች። ሽንት ቤት ደርሼ እንድመጣ አደረገች። ከፍራሹ አንስታ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ እግሬን እንዳላጣምር ነገረችኝ፣ ሹራቤን አስወለቀችኝ፣ ክንዴን ከልቤ ትክክል እንዲሆን ትራስ ላይ አሳረፈችው። ያን ሁሉ እንግዳ ጸጥ አሰኝታ ጠበቀች። ለካች፣ ቆይታ እንደገና ለካች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራ ደብተር ላይ ጻፈች። ይህን በዝርዝር የጻፍኩት በምክንያት ነው። በወፍራም ሹራብ ላይ ጠቅልለው፣ ሴትዮዋን እያስወሩ ለክተው የሚሰዱ ቦታዎች አይቻለሁ። እንዲያ የተለካ ቁጥር መድኃኒት ሊያስጨምርም ሊያስቀንስም ነው፤ እንዴት ይታመናል?

መድኃኒቴን ግን በገዛ እጇ አልነካችውም። "ይህ የሐኪም ነው" ብላ ደብተሩን አስይዛ ወደ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ላከችኝ። ሐኪሙ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አየና በዚያ ተነሥቶ መጠኑን ቀነሰልኝ። ከዚያ በኋላ ግፊቴ ቀስ በቀስ ወረደ፣ መድኃኒቱም ቆመ፤ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ቀን ደግሞ እማየን "ሻይ ቢጤ አፍይልን" ብላ ከክፍሉ አስወጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ እንዴት እንደምተኛ፣ ልጁን ሳየው ምን እንደሚሰማኝ፣ ራሴን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ግፊቴ እንጂ ስለ ሆዴ የጠየቀኝ አልነበረም። ባዕድ አገር እሞታለሁ ብዬ ያደርኩበት ሌሊት ውስጤ ቀርቶ ነበር፤ እሷ ፊት አለቀስኩት። በወለዱ ሰሞን ሆድ መባስ ብዙ ሴት ላይ እንደሚመጣ፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሕክምና ያለው ሕመም መሆኑን ነገረችኝ። ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ባገራችን ቢበዛ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ለወደፊቱም መንገድ አሳይታኛለች። ሁለተኛ ሳረግዝ ገና በመጀመሪያው ወር ክትትል እንድጀምርና ይህን ታሪኬን ቀድሜ እንድናገር፤ እንደኔ ላለች ሴት ሐኪም ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በትንሽ መጠን አስፒሪን ሊያዝ ስለሚችል ቶሎ መሄዱ ይጠቅማል። ግፊቴን በየዓመቱ እድሜ ልኬን እንድለካ፤ ይህ ሕመም ያለፈባት ሴት ኋላ ላይ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ናት።

አሁን ወደ ጥቆማው። ሲስተር ከመደበኛ ሥራዋ ውጭ ደሴ ውስጥ አራስ ቤት ድረስ እየሄደች ታያለች፣ በእረፍት ቀኗ ኮምቦልቻም ትወርዳለች። ትራንስፖርቷንና የልፋቷን መጠነኛ ነው የምትቀበል። አቅም ለሌላት በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በነፃ መሆኑን ነግራ እዚያው ትቀበላታለች። በስልክ መድኃኒት አታዝም፤ ብትለምኗትም አታዝም። ተረኛ ስትሆን ስልክ አታነሳም፣ ስለዚህ መቼ እንደተወለደ፣ ምን እንደሚያም፣ ግፊት ተለክቶ ከሆነ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩላት። ለማባበል ጊዜ የላትም፤ አነጋገሯ ቆፍጠን ያለ ነው። በዚያች ሌሊት የሚያባብለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ውጭ አገር የምትወልድ ከሆነ፣ ሲስተር ለሁሉም አድርሺልኝ ያለችኝ ይህ ነው። በክንድ የሚለካ ዲጂታል የግፊት መለኪያ ከመውለዷ በፊት ቤት ይግባ፤ የእጅ አንጓው ላይ የሚደረገው ብዙም አይታመንም። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ አይታደርም። የአገሩን የአምቡላንስ ቁጥር ያዙ፣ ምልክቶቹንም በአገሩ ቋንቋ አስጽፋችሁ ስልኳ ላይ አስቀምጡላት። የኡስታዙ ጽሑፍ እኔ ጋ አለ፣ ዓረብ አገር ላለች ሁሉ ይሆናል፤ ለጠየቀኝ እልካለሁ።

የሲስተርን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። አስቸኳይ የሆነባችሁ ግን የኔን መልስ አትጠብቁ፤ አገር ውስጥ ከሆናችሁ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፣ ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አላህ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።